የአሠልጣኝ ዘመንና የቀጣሪ ወረት

«ወረት» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፍች አለው። በነጋዴ አፍ ወረት ማለት መነሻ ገንዘብ፥ ንግድ የሚቆምበት መሠረት ነው። በሌላው ሰው አፍ ግን ወረት ማለት አዲስ ነገር ሲያዩ የሚመጣና ቶሎ የሚጠፋ ፍቅር ነው፤ እንዲህ ያለ ጠባይ ያለውንም ሰው ወረተኛ ይሉታል። ሁለቱ ፍቾች በአንድ ቃል መገናኘታቸው ለነጋዴ ምክር አለበት፤ በሁለተኛው ወረት የተያዘ ሰው የመጀመሪያውን ወረት መጨረሱ አይቀርምና።

ይህ ነገር በዘመናችን እጅግ ጎልቶ የሚታየው በእግር ኳስ አሠልጣኞች ቅጥርና ስንብት ነው። አሠልጣኙ ሲመጣ አበባ ይበረከትለታል፤ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ግን አበባውን የሰጠው እጅ የስንብቱን ደብዳቤ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ አንዱን ወገን ከዳተኛ፥ ሌላውን ተበዳይ እያለ ይከራከራል። እውነተኛው ጥያቄ ግን ማን ወደደ፥ ማን ጠላ የሚለው አይደለም። ጥያቄው የሥራው ዘመን እንዴት ተወሰነ፥ ሥራው በምን ተለካ፥ ሲፈርስስ ሒሳቡ እንዴት ተዘጋ የሚል ነው። ይህም የነጋዴ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ ከንግድ ሰዎች የራቀ እንዳይመስል አንድ ነገር ማስታወስ ይበቃል። በአምቦም ሆነ በጉደር፥ በግንጪም ሆነ በጌዶ፥ የከተማ ቡድን በሚቋቋምበት ጊዜ ለማልያና ለኳስ፥ ለመጓጓዣና ለአሠልጣኝ አበል መዋጮ ከሚጠየቁት መካከል ነጋዴው በግንባር ቀደም ይገኛል። ገንዘቡን ከሰጠ በኋላም በአስተዳደር ኮሚቴው ውስጥ ወንበር ይሰጠዋል። ስለዚህ አሠልጣኝን የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን በእጁ ይወድቃል። ይህንኑ ሥልጣን በመጋዘኑና በሱቁ ሠራተኞች ላይ ዕለት ዕለት ይሠራበታል። በአንዱ ላይ የተማረው በሌላው ላይ ይጠቅመዋል።

፩. ታማኝነት በውል ውስጥ ምን ማለት ነው?

ታማኝነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በአንድ ቤት ረጅም ዘመን መኖርን ነው። እንዲህ ያለ ታማኝነት በእርግጥ የተከበረ ነው። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1928 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ጋር 23 ዓመት ሲጫወቱ ማልያቸውን አልለወጡም። የብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ በነበሩበት ጊዜ፥ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ፥ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣች። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው በ1979 ዓ.ም. እስከ ዐረፉ ድረስ በዚያው ሥራ ቆይተዋል። የእርሳቸው ስም ሲነሣ ሰው ሁሉ ታማኝነትን የሚያስበው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ሰውን ሁሉ በዚህ ሚዛን መመዘን ፍትሕ አይሆንም። አቶ ይድነቃቸው በተጫወቱበት ዘመን ኳስ መተዳደሪያ አልነበረም፤ ዛሬ ግን አሠልጣኝነት እንጀራ ነው። በደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ታማኝነት ማለት በአንድ ቤት ማርጀት ሳይሆን፥ በፈረመው ጊዜ ውስጥ የፈረመውን መፈጸም ነው። ለቀጣሪውም እንዲሁ ነው፤ የቀጣሪ ታማኝነት የሰጠውን ዘመን አለመንሣት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1731ኛው አንቀጽ፥ በሚገባ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ የሚጸና መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ አንዱን ወገን ብቻ አላሰረም።

እንግዲህ ታማኝነትን ከፍቅር ለይቶ ከውል ጋር ማያያዝ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ፍቅር በሽንፈት ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ በድል ጊዜ ይሞቃል። ውል ግን ለሁለቱም ጊዜ የተጻፈ ነው።

፪. ከብሔራዊ ቡድናችን የሚገኝ ምሳሌ

ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ለ31 ዓመት ያህል በአፍሪካ ዋንጫ ሳትታይ ቆየች። ይህን ዝምታ የሰበረው በአቶ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ነበር። ቡድኑ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ከተሸነፈ በኋላ፥ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 ቢሆንም ከሜዳው ውጭ ባገባቸው ግቦች ብልጫ አለፈ። በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ ጨዋታውን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የወጣው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ሲሆን፥ ይህ ቀን የ1954ቱ ዋንጫ የተነሣበት 51ኛ ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፥ በናይጄሪያም 2 ለ 0 ተሸንፎ ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። በዚያው ውድድር ናይጄሪያ ዋንጫውን ስትወስድ ቡርኪና ፋሶ ሁለተኛ መውጣቷን ግን መዘንጋት አይገባም።

ይኸው ቡድን ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ከአፍሪካ የመጨረሻዎቹ 10 ቡድኖች አንዱ እስከ መሆን ደረሰ። በመንገዱም ላይ ቅጣት የነበረበት ተጫዋች በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀንሶበት ነበር። በመጨረሻ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ከናይጄሪያ ጋር ተገናኝቶ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፥ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ጥቂት ወራት ቆይቶ በአገር ውስጥ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች በተዘጋጀው የአፍሪካ ሻምፒዮና ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ ሳያገባ ተሸንፎ ተመለሰ። ወዲያውም አቶ ሰውነት ተሰናበቱ።

የስንብቱን ተገቢነት ዛሬ መመርመር አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነውን ማየት ነው። ከ2006 ዓ.ም. እስከ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ፥ ዮሐንስ ሳህሌ፥ ገብረ መድኅን ኃይሌ፥ አሸናፊ በቀለና አብርሃም መብራቱ ተራ በተራ ቡድኑን ያዙ። ይህ በስድስት ዓመት ተኩል ውስጥ አምስት አሠልጣኝ ማለት ነው። በእነዚህ ዓመታት በተደረጉት ሦስት የአፍሪካ ዋንጫዎች፥ ማለት በኢኳቶሪያል ጊኒ፥ በጋቦንና በግብፅ፥ ኢትዮጵያ አልተገኘችም። አሠልጣኙ ተለዋወጠ፤ ውጤቱ ግን ባለበት ቆመ።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አቶ ውበቱ አባተ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተሹመው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ቡድኑን ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ አሳለፉ። እንግዲህ አዲስ ሰው በስድስት ወር ውጤት ካመጣ፥ ለውጥ ምን ጉዳት አለው? የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በነጥብ መዝገብ ላይ ይገኛል።

ኢትዮጵያ ያለፈችው በ9 ነጥብ ነው። ቀጥላ የነበረችው ማዳጋስካር 8 ነጥብ ነበራት። ከዘጠኙ ነጥብ ስድስቱ አቶ ውበቱ ኒጀርን 3 ለ 0፥ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 በማሸነፍ ያገኟቸው ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ግን በኅዳር 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 በማሸነፍ የተገኙ ሲሆኑ፥ በዚያ ቀን ቡድኑን ይመሩ የነበሩት ኮንትራታቸው ሳይታደስ የቀረው አቶ አብርሃም መብራቱ ናቸው። እነዚያ ሦስት ነጥቦች ባይኖሩ ኖሮ አቶ ውበቱ በሁለቱ ጨዋታዎች ያሳዩት ብርቱ ሥራ ባላሳለፈ ነበር።

ይህ አቶ ውበቱን ማሳነስ አይደለም፤ እርሳቸውም የተረከቡትን በሚገባ አብዝተዋል። ነጋዴ ግን ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። የዓመቱ ትርፍ ሲቆጠር ካለፈው ዓመት የተዛወረው ዕቃ ካልተነሣ ሒሳቡ ሐሰት ይሆናል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የሸጠው ዕቃ አሮጌው ያስገባው ሊሆን ይችላል። አሮጌው የተወው ዕዳም በአዲሱ ስም ሊጻፍ ይችላል። አሠልጣኝን በአንድ ወር ውጤት የሚያወድስና የሚኰንን ኮሚቴ የመነሻ ቆጠራ ሳያደርግ ትርፍና ኪሳራ እንደሚያወጣ ሰው ነው።

፫. የውጭ አገር ልምድ

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን ለማሳየት ጥቂት ምሳሌዎችን እንጨምር። በዚህ ክፍልና በአምስተኛው ክፍል የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አሌክስ ፈርጉሰን የማንችስተር ዩናይትድን ሥራ በኅዳር 1986 ያዙ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሡት በግንቦት 1990 ነው። በመካከሉ ከሦስት ዓመት በላይ ባዶ እጃቸውን ቆዩ፤ ብዙ ሰውም እንዲነሡ ጮኸ። አስተዳዳሪዎቹ ግን ታገሡ። ፈርጉሰን በ2013 ጡረታ ሲወጡ 13 ጊዜ የእንግሊዝን ሊግ አሸንፈው ነበር። ተተኪያቸው ዴቪድ ሞይስ የስድስት ዓመት ኮንትራት ተሰጥቷቸው ዓመት ሳይሞላቸው ተሰናበቱ። የመጀመሪያዎቹ አስተዳዳሪዎች በትዕግሥት የገዙትን ነገር፥ የኋለኞቹ በወረቀት ጽፈው በሥራ አልፈጸሙትም።

በፈረንሳይ አገር ኦሴር በምትባል ትንሽ ከተማ ጊ ሩ የተባሉ አሠልጣኝ ከ1961 እስከ 2005 ድረስ፥ ከጥቂት ዕረፍት በቀር፥ አንዱን ቡድን መሩ። ሲይዙት በአውራጃ ሊግ የሚጫወት ቡድን ነበር፤ በ1996 የፈረንሳይ ሻምፒዮን አደረጉት። ኦሴር ትልቅ ገንዘብ ያላት ከተማ አይደለችም። ሀብቷ ወጣቶችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ማሳደግ ነበር። ይህም ዓመታትን የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፥ ዘመኑ አጭር የሆነ ሰው ሊሠራው አይችልም። ለአምቦና ለግንጪ ያህል ከተማ ከማንችስተር ይልቅ የኦሴር ምሳሌ የቀረበ ነው።

የሌስተር ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ክላውዲዮ ራኒዬሪ በ2016 ማንም ያልገመተውን የእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ ለሌስተር አስገኙ። በየካቲት 2017፥ ዓመት ሳይሞላ፥ ቡድኑ ወደ ታች በመውረዱ ተሰናበቱ። ረዳታቸው የነበሩት ክሬግ ሼክስፒር በተተኩ ጊዜ ቡድኑ የሚቀጥሉትን አምስት የሊግ ጨዋታዎች አሸነፈ። ሰውም «ችግሩ አሠልጣኙ ነበር» አለ። ሼክስፒር በሰኔ በቋሚነት ተሾሙ፤ በጥቅምት ወር ግን እርሳቸውም ተሰናበቱ።

ይህ አካባቢ በማዕድን ውሃው የታወቀ ነውና ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት ወዲያው ይንፋፋል፤ አረፋውም እስከ አፉ ይደርሳል። ጥቂት ቆይቶ ግን ውሃው ወደ ልኩ ይመለሳል። በአረፋው ጊዜ የለካ ሰው ጠርሙሱ የበዛለት ይመስለዋል።

ባስ ቴር ዌል የተባሉ የሆላንድ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ይህን ነገር በቁጥር መርምረውታል። ከ1986 እስከ 2004 ድረስ የተደረጉትን የሆላንድ ሊግ ጨዋታዎች ወስደው፥ አሠልጣኛቸውን ካሰናበቱ ቡድኖች ጎን ተመሳሳይ ሽንፈት ደርሶባቸው አሠልጣኛቸውን ያቆዩ ቡድኖችን አኖሩ። ያሰናበቱት ቡድኖች ከስንብቱ በኋላ ተሻሻሉ። ያላሰናበቱትም እንዲሁ ተሻሻሉ። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ ስንብት የሚደረገው ነገሩ እጅግ በከፋበት ሰዓት ነው። እጅግ የከፋ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ወደ መካከለኛው ይመለሳል። የገበያ ዋጋ በክረምት ሲወደድ፥ አዝመራ ሲገባ የሚረክሰው ሱቁን የሚጠብቀው ሰው ስለ ተለወጠ አይደለም።

፬. የአጭር ዘመን የተሰወረ ዋጋ

አሠልጣኝን የማሰናበት ዋጋ በደብዳቤው ላይ የሚታየው ብቻ አይደለም። የሚታየው ለተሰናባቹ የሚከፈለው ቀሪ ደመወዝ ወይም ካሳና ለአዲሱ የሚሰጠው የፊርማ ገንዘብ ነው። የማይታየው ከዚህ ይበልጣል።

አንድ የከተማ ቡድን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት አሠልጣኝ ለወጠ እንበል። የመጀመሪያው ኳስ በረጅሙ የሚመታበት አጨዋወት ስለሚወድ ቁመተ ረጃጅም አጥቂዎችን አስመጣ። ሁለተኛው ኳስ በአጭር ቅብብል እንዲሄድ ስለሚፈልግ እነዚያን አስቀምጦ ሌሎችን አስፈረመ። ሦስተኛው ሲመጣ በቡድኑ ውስጥ የሁለት አሠልጣኝ ዕቃ ተከማችቶ፥ የራሱን ለመግዛት ግን ገንዘብ አጣ። በመጋዘን ቋንቋ ይህ የማይሸጥ ዕቃ ይባላል። ደመወዙ በየወሩ ይወጣል፤ ጥቅሙ ግን የለም።

ሁለተኛው የተሰወረ ዋጋ በወጣቶች ላይ ይደርሳል። ከግንጪ በላይ ያለውን የጭልሞን ደን ያየ ሰው ጥዱና ዝግባው በአንድ ሰው ዕድሜ ያልተፈጠረ መሆኑን ያውቃል። ቶሎ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ባሕር ዛፍ ይተክላል፤ በጥቂት ዓመት ቆርጦ ይሸጠዋል። ባሕር ዛፍ መትከል ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር እንደሚነሣ የሚያውቅ አሠልጣኝ ዝግባ ይተክላል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። የ16 ዓመት ልጅ አሰልፎ ስሕተቱን ከመታገሥ፥ የ32 ዓመት ተጫዋች አስመጥቶ የእሑዱን ጨዋታ ማሸነፍ ይሻለዋል። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የዘመኑን ርዝመት የወሰኑለት ሰዎች የሚተክለውንም ዛፍ ወስነውለታል።

ሦስተኛው በጠባይ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ምሳሌ የተወለደው ሹም ሽር ከበዛበት ዘመን ነው። ሹመቱ እንደማይቆይ ያወቀ ሰው በሥራው ፈንታ ስለ መውጫው ማሰብ ይጀምራል። ይህ በአሠልጣኝ ላይ እንደሚሠራ በመጋዘን ጠባቂና በእህል ገዥ ላይም ይሠራል። በግንጪ ገበያ ለጌታው እህል የሚገዛ ሠራተኛ ጤፉን አበጥሮ የሚያመጣው ገበሬ የትኛው እንደሆነ፥ የማን ስንዴ እርጥበት እንዳለው፥ ማን ቃሉን እንደሚጠብቅ ያወቀው ዓመታት ቆሞ ነው። በአንድ ቀን ኪሳራ ተቆጥቶ የሚያሰናብተው ጌታ ይህን ሁሉ እውቀት ያለ ዋጋ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል። የቀሩትም ሠራተኞች የጓደኛቸውን መውጣት አይተው ስለ ራሳቸው መውጫ ማሰብ ይጀምራሉ።

፭. የአሠልጣኙ ግዴታ

እስካሁን የተባለው ሁሉ በቀጣሪው ላይ የከበደ ይመስላል። ሚዛን ግን ሁለት ጎን አለው። ትዕግሥት የሚጠይቅ አሠልጣኝ ትዕግሥት የሚገባው ሰው ሆኖ መገኘት አለበት።

በየካቲት 2019 ብሬንዳን ሮጀርስ የስኮትላንዱን ሴልቲክ በውድድሩ መካከል፥ ቡድኑ ሊጉን እየመራ ሳለ፥ ትተው ወደ ሌስተር ሄዱ። ደጋፊው እጅግ ተቆጣ። ሴልቲክ ግን በኒል ሌነን እየተመራ የዓመቱን ዋንጫዎች አነሣ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ ቡድኑ በደንብ የተደራጀ ከሆነ በአንድ ሰው መሄድ አይፈርስም። ሁለተኛው፥ ሕግ የፈቀደው ሁሉ በሰው ዘንድ የተወደደ አይሆንም፤ ካሳ ከፍሎ መሄድ ውልን ያጸዳል እንጂ ቅሬታን አያጠፋም።

እንግዲህ አሠልጣኙ ውሉ ሳያልቅ ከሌላ ቡድን ጋር በስውር መነጋገር አይገባውም፤ የሚሄድ ከሆነ ቀጣሪው ተተኪ እስኪያገኝ አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባዋል። ሽንፈት በደረሰ ጊዜም ጥፋቱን ሁሉ በተጫዋቹና በዳኛው ላይ ከመጣል ይልቅ ለአስተዳዳሪዎቹ ምክንያቱን በጽሑፍ ቢያስረዳ ይከበራል። ከሁሉ በላይ የሚያውቀውን በራሱ ውስጥ ቀብሮ መሄድ የለበትም። የልምምድ መርሐ ግብር፥ የተጫዋቾች ጠባይና ጉዳት፥ ተስፋ የሚጣልባቸው ወጣቶች ዝርዝር የቡድኑ ንብረት ነው።

፮. ማሰናበት የሚገባው መቼ ነው?

ትዕግሥት ጥሩ ነው ሲባል ሰነፍን መሸከም ማለት አይደለም። የማይበጀውን ሰው በይሉኝታ ማቆየትም ሌላ ዓይነት ኪሳራ ነው። በገንዘብ ወይም በጨዋታ ውጤት ላይ ማታለል የታየበት አሠልጣኝ አንድ ቀን ማደር የለበትም። ከተጫዋቾች መካከል በዘመድ ወይም በጎሣ የሚያደላ፥ ልምምድ የሚቀር፥ ተመክሮ የማይመለስ ሰውም እንዲሁ ነው። እነዚህ የጠባይ ጉድለቶች ስለሆኑ ዘመን አይፈውሳቸውም።

ውጤት ማጣት ግን ከጠባይ ጉድለት ይለያል። ውጤት በአንድ ሰው እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ደመወዝ ካልተከፈለ፥ ሜዳው ከጨቀየ፥ ተጫዋቹ በጭነት መኪና ተጉዞ ደክሞ ከደረሰ፥ አሠልጣኙን መለወጥ በሽታውን ትቶ ሐኪሙን መለወጥ ነው። ስለዚህ ኮሚቴው «አሠልጣኙ ምን አጎደለ?» ከማለቱ በፊት «እኛ ቃል ከገባነው ምን አጎደልን?» ብሎ መዝገቡን ማየት ይገባዋል።

፯. ለቀጣሪዎች የሚሆን ደንብ

ከዚህ በላይ የተባለውን በሥራ ላይ ለማዋል ለሚፈልጉ የቡድን አስተዳዳሪዎችም ሆኑ የንግድ ቤት ባለቤቶች የሚከተለው ደንብ ይጠቅማል።

አንደኛ፥ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ዘመኑም ሥራው ከሚጠይቀው ጊዜ አይነስ። ወጣቶችን አሳድግ ተብሎ የሚቀጠር አሠልጣኝ የአንድ ዓመት ውል ቢሰጠው ሥራውና ዘመኑ አይገጥሙም።

ሁለተኛ፥ መለኪያው ገና ከጅምሩ ይጻፍ። ቡድኑ በስንተኛ ደረጃ እንዲወጣ፥ ስንት የከተማው ወጣቶች ወደ ዋናው ቡድን እንዲገቡ፥ ወጪው ከስንት እንዳይበልጥ ይወሰን። ከሽንፈት በኋላ የሚወጣ መለኪያ መለኪያ አይባልም፤ ሰበብ ነው።

ሦስተኛ፥ የመመርመሪያው ቀን አስቀድሞ ይታወቅ። የመጀመሪያው ዙር ሲያበቃ አንድ ጊዜ፥ ዓመቱ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ቢሆን ይበቃል። በሽንፈት ማግሥት ስለ ስንብት ስብሰባ አይጠራ። ነጋዴ ሒሳቡን የሚዘጋው በተወሰነ ቀን ነው እንጂ በተናደደ ቀን አይደለም።

አራተኛ፥ ውሉን ያለ ጊዜው ማፍረስ የሚያስከትለው ካሳ ለሁለቱም ወገን ተመዛዛኝ ሆኖ ይጻፍ። አሠልጣኙ ሲሄድ የሚከፍለው፥ ቀጣሪውም ሲያሰናብት የሚከፍለው ከታወቀ ሁለቱም እጃቸውን ከማንሣታቸው በፊት ያስባሉ።

አምስተኛ፥ የሥልጣን ድንበር ይለይ። አሰላለፍ የአሠልጣኙ፥ ገንዘብ የኮሚቴው ነው። ገንዘብ ያዋጣ ሰው ሁሉ አጥቂ የሚመርጥ ከሆነ ለሽንፈቱ የሚጠየቀው አሠልጣኝ ብቻ ሊሆን አይገባም።

ስድስተኛ፥ ርክክብ ይደረግ። መጋዘን ጠባቂ ሲለወጥ ዕቃው ተቆጥሮ፥ ሰጪና ተቀባይ ፈርመው፥ ምስክር ቆሞ ይረካከባሉ። አሠልጣኝ ሲለወጥ ግን ብዙ ጊዜ አንዱ በኋላ በር ሲወጣ ሌላው በፊት በር ይገባል፤ አይተያዩም። በባሕር ዳር የተገኙት ሦስት ነጥቦች በነጥብ ሰንጠረዥ ላይ ስለ ተጻፉ ለተተኪው ተላለፉ። በመዝገብ ያልተጻፈው እውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

ይህ ደንብ በትልልቅ ከተሞች ከሚያስፈልገው ይልቅ በትንንሾቹ ያስፈልጋል። በትልቅ ከተማ የተሰናበተ አሠልጣኝ ሌላ ሰፈር ሄዶ ሌላ ቡድን ያገኛል። በትንሽ ከተማ ግን አሠልጣኙ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤት መምህር ወይም የቀድሞ ተጫዋች ነው፤ ልጆቹም ከኮሚቴው አባሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ። ዛሬ በቁጣ የተጻፈ ደብዳቤ ነገ በገበያ፥ በለቅሶና በሠርግ ላይ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት ያገናኛል። ይህን አይቶ ሥራውን ሊይዝ የሚያስብ ሌላ ብቁ ሰውም ይሸሻል። ስለዚህ ቀጣሪ ሆይ፥ ስታሰናብት እንኳ ሒሳቡን ዘግተህ፥ የሠራውን መስክረህ፥ ቃል የተገባለትን ከፍለህ አሰናብት። እንዲህ ያደረገ ቤት ሠራተኛ ሲፈልግ ደጁ ባዶ አይሆንም፤ ወረቱም በወረት አያልቅበትም።